የዕድገት ፋክተሮች የጉበት ካንሰርን ቀድመው ሊጠቁሙን ይችላሉን?

(በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ ከቀረበ ሕዝባዊ ሌክቸር የተገለበጠ)



በአገራችን የጉበት ካንሰር ብዙውን ጊዜ የሚታወቀው ሆድ ካበጠና ሰውነት ከከሳ በኋላ ነው። በዚያ ደረጃ ዕጢውን በቀዶ ሕክምና ማውጣት እምብዛም አይቻልም። ስለዚህ ዛሬ የማነሣው ጥያቄ፣ በደም ውስጥ ያሉ የዕድገት ፋክተሮች ዕጢው ገና ትንሽ ሳለ ሊያስጠነቅቁን ይችላሉ ወይ የሚል ነው።

ጉበት የተጎዳውን ክፍሉን መልሶ የሚተካ አካል ነው። ይህን የሚያደርገው ሕዋሳት እንዲባዙ ትእዛዝ በሚያስተላልፉ ፕሮቲኖች ነው፤ የዕድገት ፋክተሮች የምንላቸው እነዚህን ነው። የሄፓታይተስ ቢ ቫይረስ ለዓመታት በጉበት ሲቀመጥ ጉዳቱም ትእዛዙም አያቋርጥም። ሕዋስ በተባዛ ቁጥር በዘረመሉ ላይ ስሕተት የመፈጠር ዕድሉ ይጨምራል።

ሁለት ምሳሌዎች ልጥቀስ። ኢንሱሊን መሰል የዕድገት ፋክተር 2 በጽንስ ጉበት በብዛት ይመረታል፤ ከልደት በኋላ ይቀንሳል፤ በአንዳንድ የጉበት ካንሰሮች ግን ዳግም ይነሣል። ቲጂኤፍ ቤታ ደግሞ በመጀመሪያ የሕዋሳትን መባዛት ይገታል፤ ካንሰሩ ሥር ከሰደደ በኋላ ግን ስርጭቱን ያግዛል።

ችግሩ እዚህ ላይ ነው። ቲጂኤፍ ቤታ የጉበት ጠባሳ ዋና አነሣሽም ነው። የካንሰር ሕመምተኛን ደም ከጤነኛ ሰው ደም ጋር ብናነጻጽር ልዩነቱ ሰፊ ሊሆን ይችላል፤ ይህ ግን ጉበቱ መታመሙን እንጂ ካንሰር መኖሩን አያረጋግጥም። ትክክለኛው ንጽጽር ካንሰር ባለባቸውና በሌለባቸው የሄፓታይተስ ቢ ሕሙማን መካከል የሚደረገው ነው። ከዚያም የሚሻለው ዕጢው ከመታየቱ በፊት ተወስዶ የተቀመጠን ደም መመርመር ነው።

የናሙና አወሳሰድም ያሳስታል። ፕሌትሌቶች ቲጂኤፍ ቤታንና የደም ሥር አብቃዩን ቪኢጂኤፍ በውስጣቸው ያከማቻሉ፤ ደም በቱቦ ውስጥ ሲረጋ ያፈሱታል። ስለዚህ በሴረም የምንለካው በከፊል ከመርጋቱ የመጣውን ነው፤ በጥንቃቄ የተዘጋጀ ፕላዝማ ይመረጣል።

በአዲስ አበባ፣ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሊኒየም ሕክምና ኮሌጅ፣ እ.ኤ.አ. በ2015 የተጀመረው የሄፓታይተስ ቢ ሕክምና መርሐ ግብር ከአንድ ሺህ በላይ ሕሙማንን አቅፏል። ጥያቄያችን መልስ የሚያገኘው እንዲህ ባለ የዓመታት ክትትል እንጂ በአንድ ቀን ናሙና አይደለም።

እስከዚያው በእጃችን ያለውን እንጠቀም። ሄፓታይተስ ቢ ያለበት ብዙ ሰው ሕዝባችን «የወፍ በሽታ» የሚለው የዓይን ቢጫነት አይታይበትም፤ ስለዚህ ሕመም ሳይጠበቅ መመርመር ያስፈልጋል። ለካንሰር የተጋለጡት በየስድስት ወሩ አልትራሳውንድ ሊነሡ ይገባል። አልፋ ፌቶፕሮቲን ከ1960ዎቹ ጀምሮ ያገለገለን ጠቋሚ ቢሆንም ብቻውን ብዙ ትናንሽ ዕጢዎችን ያልፋል። ለሕፃናት የሚሰጠው፣ ሄፓታይተስ ቢን የሚያካትተው ክትባት ወደ አገራችን መደበኛ መርሐ ግብር የገባው እ.ኤ.አ. በ2007 ነው። ከዚያ በፊት የተወለድን ሁሉ፣ እኔም ከእናንተም ብዙዎች፣ በልጅነታችን አላገኘነውም። ከጀሞም ኑ ከሳሪስ፣ ከሁሉ አስቀድማችሁ የራሳችሁን ውጤት እወቁ።

ለድኅረ ምረቃ ተማሪዎች የማሳስበው፣ አዲስ ጠቋሚ አገኘን ከማለታችሁ በፊት «ከማን ጋር አነጻጸርነው?» ብላችሁ እንድትጠይቁ ነው።