በዛፍ ላይ ስለሚኖረው ካንጋሮ የተደረገ ንግግር



ካንጋሮ በሜዳ የሚዘል እንስሳ መሆኑን ከመጻሕፍት ያነበባችሁ ትኖራላችሁ። ነገር ግን በኒው ጊኒ ደሴትና በአውስትራልያ ሰሜናዊ ምሥራቅ፣ በኩዊንስላንድ ደን፣ ከዛፍ ላይ የሚኖር ወገን አለው። የፊት እግሮቹ ብርቱዎች፣ ጥፍሮቹም ቆልማሞች ናቸው። ረጅሙ ጅራቱ ቅርንጫፍ አይጨብጥም፤ ሚዛኑን ይጠብቅበታል እንጂ። ቅጠልና ፍሬ ይበላል፤ ግልገሉንም እንደ ዘመዶቹ ሁሉ በሆዱ ከረጢት ያሳድጋል።

ከዛፍ የሚወርደው ጅራቱን አስቀድሞ ወደ ኋላ እየተንሸራተተ ነው። ቢያስደነግጡት ግን እስከ 18 ሜትር ከሚደርስ ከፍታ ዘልሎ ሳይጎዳ መሬት ይረግጣል፤ ይህ እጅግ የሚያስደንቅ ነው። በምድር ላይ ግን ዝግተኛ ነውና፣ በአውስትራልያ ዲንጎ የሚባለው የዱር ውሻ በዚያ ያገኘዋል። ታላቁ ዘንዶ ደግሞ ዛፉ ላይ ሳለ ይይዘዋል።

በኒው ጊኒ ከሁሉ የበረታው አዳኙ ሰው ነው፤ ሥጋው ይወደዳልና። ደኑም ለእርሻ ይመነጠራል። ስለዚህ በአንዳንዱ ተራራ ዘሩ እጅግ አነሰ። በሁዎን ባሕረ ገብ ምድር ያሉ ባላገሮች ግን ተመካክረው ከየርስታቸው የደን ክፍል ለዩ፤ በዚያም ማደንን ከለከሉ። በ2009 ዓመተ ምሕረት በፈረንጆች አቆጣጠር የፓፑዋ ኒው ጊኒ መንግሥት ይህን ክልል በሕግ አጸናላቸው። እኔን ከዘንዶውና ከዝላዩ ይልቅ የገረመኝ ይህ ነው፤ በዚያ አገር መሬቱ አብዛኛው የጎሣ ነውና፣ ባለርስቶቹ ባይፈቅዱ ኖሮ ክልሉ ባልቆመም ነበር። ከክልሉ ውጭ ያለውን ዱር ለእርሻቸውና ለአደናቸው አስቀሩት።