ከቡድን ወጥቶ ለብቻ ስለ መዝፈን
(በተማሪዎች ማኅበር የሙዚቃ ክበብ ስብሰባ ላይ የተሰጠ ንግግር)



ዛሬ የምንናገርበት ርእስ ለአንዳንዶቻችሁ የጨዋታ ነገር መስሎ ሊታያችሁ ይችላል። ስለ ኤኮኖሚ፥ ስለ ሕግና ስለ አስተዳደር በሚነገርበት በዚህ አዳራሽ ስለ ዘፋኞች መናገር ጊዜ ማባከን ነው የሚል ሰው አይጠፋም። እኛ ግን ነገሩን ስንመረምረው ከዘፈን አልፎ የሚሄድ ሆኖ አገኘነው። ጥያቄው ይህ ነው፤ ብዙ ሰዎች ተባብረው ያፈሩትን ስም አንዱ ይዞ ሲወጣ፥ በእውነት የእርሱ ድርሻ ምን ያህል ነው? ለቀሩትስ ምን ይቀርላቸዋል? በአሳብ ብቻ ከመመላለስ አንድ የታወቀ ታሪክ ይዘን ብንመረምር ይሻላል ብለን፥ ሱፕሪምስ የተባሉትን የአሜሪካ ዘፋኞች ታሪክ መርጠናል። የምንጠራቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናስታውቃለን።

በ1959 ዓ.ም. የአውቶሞቢል ፋብሪካዎች ከተማ በሆነችው በዲትሮይት፥ ገና በትምህርት ቤት ያሉ አራት ጥቁር አሜሪካውያን ልጃገረዶች አንድ የዘፈን ቡድን አቋቋሙ። የቡድኑ ጠንሳሽ ፍሎረንስ ባላርድ ነበረች። እርሷም ጓደኛዋን ሜሪ ዊልሰንን ጠራች፤ ዲያና ሮስም ተጨመረች። የአራተኛዋ ልጅ ቦታ ተለዋውጦ፥ በ1962 ሦስቱ ብቻ ቀሩ። ቡድኑ በመጀመሪያ ፕራይሜትስ ይባል ነበር። በ1961 ሞታውን ከተባለው የሸክላ ኩባንያ ጋር ሲዋዋሉ ሌላ ስም እንዲመርጡ ተጠየቁ፤ ከቀረበው ዝርዝር ውስጥ ሱፕሪምስ የሚለውን የመረጠችው ይህችው ፍሎረንስ ነበረች። ይህን ነገር እንድትይዙልን እንለምናለን፤ በኋላ እንመለስበታለንና።

ሞታውን እንዴት ያለ ኩባንያ ነበር? ቤሪ ጎርዲ የተባለ ሰው በ1959 ከቤተ ሰቡ በተበደረው 800 ዶላር የጀመረው ነው። ጎርዲ ቀደም ሲል በፎርድ ኩባንያ የመኪና መገጣጠሚያ ውስጥ በሠራተኛነት አገልግሎ ነበር። ባዶ የብረት አጥንት በአንድ በኩል ገብቶ፥ ከእጅ ወደ እጅ አልፎ፥ በሌላው በኩል ያለቀለት መኪና ሆኖ ሲወጣ ያየውን አሠራር ወደ ዘፈን አመጣው። ግጥሙንና ዜማውን የሚደርሱ ሌሎች ናቸው፤ ከእነርሱም ዋናዎቹ ሁለቱ የሆላንድ ወንድማማቾችና ላሞንት ዶዚየር ነበሩ። መሣሪያ የሚመቱት ፈንክ ብራዘርስ የተባሉት የቤት ሙዚቀኞች ናቸው። ማክሲን ፓወል የተባለች ሴት አረማመድን፥ አቀማመጥንና አነጋገርን ታስተምራለች፤ ቾሊ አትኪንስ ደግሞ በመድረክ ላይ የሚደረገውን እንቅስቃሴ ያለማምዳል። ዘፋኙ ከመድረክ ከመውጣቱ በፊት ይህን ያህል እጅ ያልፍበት ነበር።

በዚህም ሁሉ ላይ ሦስቱ ልጃገረዶች ዕድላቸው ወዲያው አልተከፈተም። እስከ 1963 ማለቂያ ድረስ በኩባንያው ውስጥ ገበያ የሌላቸው ተብለው ይቀለድባቸው ነበር። በ1964 ግን ቢልቦርድ የተባለው መጽሔት በየሳምንቱ በሚያወጣው የዘፈኖች ዝርዝር ላይ አንደኛ ወጡ፤ ያንኑ ጨምሮ በተከታታይ አምስት ዘፈኖቻቸው አንደኛ ሆኑ። እስከ 1969 ድረስ አንደኛ የወጡት ዘፈኖች 12 ደረሱ። ከእነዚህም 10ሩን የደረሱት ሦስቱ ደራሲዎች፥ ማለት ሁለቱ ሆላንዶችና ዶዚየር ነበሩ።

እንግዲህ ያን ሁሉ ሰው ያስደሰተው ድምፅ የማን ነበር? አድማጩ «የዲያና ሮስ ነው» ብሎ ይመልሳል፤ መልሱም ሐሰት አይደለም። የዲያና ድምፅ ቀጭንና ጥርት ያለ ነው፤ የፍሎረንስ ድምፅ ወፈር ያለና ኃይለኛ ነበር። ጎርዲ መሪዋ ድምፅ ዲያና እንድትሆን ወሰነ፤ ሁለቱም ተቀባዮች ሆኑ። በ1967 የቡድኑ ስም ተለውጦ «ዲያና ሮስና ሱፕሪምስ» ተባለ። በአንዲት «ና» ፊደል ሦስት የነበሩት አንድና ሁለት ሆነው ተከፈሉ። በዚያው ዓመት ፍሎረንስ ከኩባንያው ጋር አለመስማማቷ እየበረታ፥ ከሥራም እየቀረች ሄዳ፥ ከቡድኑ ወጣች፤ በቦታዋም ሲንዲ በርድሶንግ ገባች።

በ1969 መጨረሻ አንደኛ የወጣው የዚህ ቡድን ዘፈን ርእሱ በአማርኛ «አንድ ቀን አብረን እንሆናለን» እንደ ማለት ነው። ሸክላው ላይ የተጻፈው «ዲያና ሮስና ሱፕሪምስ» የሚል ነው። ነገር ግን በዚያ ዘፈን ላይ የሜሪም የሲንዲም ድምፅ የለበትም፤ ተቀባዮቹ ለዚያ ሥራ ተቀጥረው የመጡ ሌሎች ዘፋኞች ነበሩ። ስማቸው ተሸጠ፥ ድምፃቸው ግን አላስፈለገም። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ፥ በጃንዩወሪ 14 ቀን 1970፥ በላስ ቬጋስ ከተማ በፍሮንቲየር ሆቴል የመጨረሻው የጋራ ትርኢት ተደረገ። በዚያው ሌሊት ዲያናን የምትተካው ዣን ቴሬል ለሕዝብ ተዋወቀች። ዲያናም ብቻዋን ሄደች።

እዚህ ላይ ነገሩን በሚዛን ማየት ይገባናል። ብቻ መውጣት ክሕደት ነው የሚሉ ሰዎች አሉ፤ እኛ ከእነርሱ ጋር አንስማማም። ሰው ያደገበትን ቤት ለቆ የራሱን ጎጆ ቢወጣ ማንም አይነቅፈውም። ዲያናም ያለ ድካም አልተሳካላትም። በ1970 ለብቻዋ ያወጣችው የመጀመሪያው ዘፈን ከ20ኛ ደረጃ አላለፈም። ከዚያ በኋላ በዚያው ዓመት፥ ማርቪን ጌይና ታሚ ቴሬል በ1967 ዘፍነውት የነበረውን አንድ ዘፈን በሌላ አቀራረብ ብትዘፍነው አንደኛ ሆነ። በ1972 የዘፋኟን የቢሊ ሆሊዴይን ሕይወት በሚያሳይ ፊልም ተጫውታ ለኦስካር ሽልማት ታጨች። ይህ ሁሉ የችሎታና የትጋት ፍሬ ነው፤ እንዲህ ያለውን ሰው በቡድን ስም አስሮ ማስቀረት ፍርደ ገምድልነት ይሆናል።

ነገር ግን ብቻዋን የወጣችው ዲያና ብቻ አልነበረችም። ከእርሷ በፊት ፍሎረንስም ወጥታለች። የሁለቱን አወጣጥ ጎን ለጎን አድርጋችሁ እዩልን። ዲያና ስትወጣ ደራሲዎቹ፥ ሙዚቀኞቹ፥ ልብስ ሰፊዎቹ፥ ማስታወቂያውና የኩባንያው ገንዘብ አብረዋት ወጡ፤ ከመውጣቷም ከሁለት ዓመት ተኩል በፊት ስሟ ከቡድኑ ስም ፊት እንዲጻፍ ተደርጎ መንገዱ ተጠርጎላት ነበር። ፍሎረንስ ግን በ1968 ወደ 140 ሺህ ዶላር የሚጠጋ ገንዘብ ተቀብላ በፈረመችው ስምምነት፥ ለወደፊቱ ሥራዋ ማስታወቂያ ሱፕሪምስ የሚለውን ስም እንዳትጠቅስ ተከለከለች። ራሷ ጠንስሳ ባቋቋመችው ቡድን፥ ራሷ በመረጠችው ስም «እኔ እኮ እዚያ ነበርሁ» ብላ ለሕዝብ ማስታወቅ አልቻለችም። በሌላ ኩባንያ ሁለት ሸክላዎች አወጣች፤ አልተሸጡም። በ1971 ሞታውንን ከሰሰች፤ አልተሳካላትም። ኑሮዋም ተጎሳቅሎ ለችግረኞች በሚሰጥ የመንግሥት እርዳታ እስከ መኖር ደረሰች። በፌብሩወሪ 22 ቀን 1976 በ32 ዓመት ዕድሜዋ ሞተች።

ዕድል ነው፥ ችሎታ ነው የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። ችሎታ የየራሱ መሆኑን አንክድም። ነገር ግን አንዱን ሯጭ ጫማ አልብሶ፥ ሌላውን እግሩን አስሮ ካሮጡ በኋላ ፍጥነታቸውን ማወዳደር ፍርድ አይባልም። ደግሞም ቡድኑ የዲያና ብቻ እንዳልነበረ የሚያስረዳ ማስረጃ አለን። ዣን ቴሬል፥ ሜሪና ሲንዲ በዚያው በ1970 ባወጧቸው ዘፈኖች 10ኛና 7ኛ ደረጃ አግኝተዋል። ቡድኑ እስከ 1977 ድረስ ቆይቶ ነው የተበተነው። ከዚያም በኋላ የስሙ ባለቤት ኩባንያው ስለ ነበረ፥ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ያልተለየችው ሜሪ ዊልሰን በስሙ ለመሥራት በፍርድ ቤት መከራከር ግድ ሆነባት። በ2021 እስከ ሞተችበት ጊዜም፥ በቡድኑ ውስጥ ያልነበሩ ሰዎች በታወቁ ቡድኖች ስም እንዳይነግዱ የሚከለክል ሕግ በየአሜሪካ ግዛቶቹ እንዲወጣ ስትታገል ቆይታለች፤ ብዙዎቹም ግዛቶች ሕጉን አውጥተዋል።

ይህ የሩቅ አገር ታሪክ ነው ብለን እንዳናልፈው፥ የእኛም አገር ሙዚቃ ከዚያ ዘመን ጋር የተያያዘ ነው። አስመራ በነበረው በአሜሪካኖች የቃኘው ጣቢያ ሬዲዮና ከውጭ በሚመጡ ሸክላዎች የዚያ ዘመን የጥቁር አሜሪካውያን ዜማ ወደ ሙዚቀኞቻችን ጆሮ ደርሶ ነበር። በዚያን ጊዜ ታላላቆቹ ዘፋኞቻችን በክብር ዘበኛና በፖሊስ ኦርኬስትራዎች ውስጥ በደመወዝ የሚሠሩ ነበሩ፤ መሣሪያውም፥ ልብሱም፥ የኦርኬስትራውም ስም የመሥሪያ ቤቱ ነበር። በ1969 አምሃ እሸቴ በግሉ ሸክላ ማሳተም ሲጀምር፥ ከፖሊስ ኦርኬስትራ የተነሣው ዓለማየሁ እሸቴ፥ ቀጥሎም የክብር ዘበኛው ማሕሙድ አሕመድ በየራሳቸው ስም ለሕዝብ ቀረቡ። እኛ ዛሬ የምንኮራባቸው እነዚያ ሸክላዎች ሰው ከቡድን ወጥቶ በስሙ ሊቆም መቻሉን ያሳያሉ። የቡድኑን ድካምና የአንዱን ሰው ስም እንዴት አድርገን እንመዝን የሚለው ጥያቄ ግን በእኛም ዘንድ ገና በሚገባ አልተነሣም።

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ ነው፤ ለሃምሳ ሰው ግን ጌጡ ነው» ይባላል። ጌጡ ሲበተን ግን ማን የትኛውን ሎሚ እንደሚወስድ ምሳሌው አይነግረንም። ስለዚህ በዚህ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ማታ ማታ ጊታርና ከበሮ ይዛችሁ የምትለማመዱ ጓደኞቻችን፥ ነገ የምትታወቁ ናችሁና ሦስት ነገሮችን ዛሬውኑ በወረቀት ላይ አስፍሩ ብለን እንመክራለን። አንደኛ፥ የቡድኑ ስም የማን ነው? ሁለተኛ፥ ገንዘብ ሲገኝ ለዘፈነው፥ ለደረሰው፥ ለመታው እንዴት ይከፈላል? ሦስተኛ፥ አንዱ ሲወጣ ምን ይዞ ይወጣል? በዚህ በሦስተኛው ላይ አሳባችን ቁርጥ ያለ ነው። የሚወጣ ሰው ስሙን ለብቻው አይውሰድ፤ ነገር ግን የት እንደ ነበረና ምን እንደ ሠራ እንዳይናገር ማንም አይከልክለው። የሰው ልጅ የሠራው ሥራ ታሪክ በገንዘብ የሚገዛ ዕቃ አይደለም።

አሁን ገንዘብም ስምም የለንም፥ የምንካፈለው ምን አለ ትሉ ይሆናል። ምክራችንን ዛሬ የምንሰጠው ስለዚሁ ነው። ገንዘብ በሌለበት ጊዜ ሁሉም ለጋስ ነው፤ ውል የሚጻፈው በዚያን ጊዜ ነው። አባቶቻችን «በቃል ያለ ይረሳል፥ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ያሉት ለመሬትና ለርስት ብቻ አይደለም።

አንድ ነገር ጨምረን እንጨርስ። በሱፕሪምስ ዘፈኖች ላይ መሣሪያ የመቱት የፈንክ ብራዘርስ ሙዚቀኞች ስማቸው በሞታውን ሸክላ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ የታተመው በ1971፥ በማርቪን ጌይ አንድ አልበም ላይ ነው። እስከዚያ ድረስ በመላው ዓለም እየተሰሙ የማይታወቁ ሆነው ቆይተዋል። ክበባችን በሚቀጥለው ወር ትርኢት ሲያዘጋጅ፥ በሚታደለው ወረቀት ላይ ከዘፋኞቹ ስም ጋር የመቺዎቹም፥ የዜማ ደራሲዎቹም፥ ወንበር የሚደረድሩትም ስም እንዲጻፍ ለኮሚቴው አሳብ አቅርበናል። የሚፈጀው ግማሽ ገጽ ወረቀት ነው።