ሦስት ሰዎች በአንድ ክብ ውስጥ

(በበዓሉ ሳምንት ለትምህርት ቤታችን የሥነ ጽሑፍና የቴአትር ማኅበር የተደረገ ንግግር)



ማኅበራችን በዚህ በበዓሉ ሳምንት እንድናገር ሲጋብዘኝ የሰጠኝ ጥያቄ አንድ ነው፤ ይኸውም «ከሽጉጥ ፊልም ምን ቁም ነገር ይገኛል?» የሚል ነው። ጥያቄው ቀላል አይደለም። የካውቦይ ፊልም የወጣቱን ጊዜ ከማባከንና ልቡን ከማደንደን በቀር ጥቅም የለውም የሚሉ ወላጆችና መምህራን ብዙ ናቸው። ከእነዚህ ፊልሞች ብዙዎቹ በእርግጥ እንዲህ ስለሆኑ፥ ይህ አስተያየት በንቀት የሚታለፍ አይደለም። ስለዚህ እኔ ዛሬ ለሁሉም ጠበቃ ሆኜ አልቆምኩም። ስለ አንድ ፊልም፥ ከእርሱም ውስጥ ስለ ፍጻሜው ብቻ ልናገር እፈልጋለሁ። ይህ ፍጻሜ ከተሠራ ስድሳ ዓመት ያህል ሆኖታል፤ ሆኖም ተመልካች ዛሬም ትንፋሹን ውጦ ያየዋል። ለምን?

ፊልሙ በቋንቋችን «ደጉ፥ ክፉውና መልከ ጥፉው» ልንለው የምንችለው ነው። ያዘጋጀው ኢጣልያዊው ሰርጂዮ ሊዮኔ ሲሆን፥ ለሕዝብ መጀመሪያ የታየው በ1966 ዓ.ም. በኢጣልያ ነው። (ዓመታቱን ሁሉ የምጠቅሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን ከወዲሁ ላስታውቅ።) ታሪኩ በአሜሪካ ምድር፥ የሰሜኑና የደቡቡ ወገኖች ከ1861 እስከ 1865 ዓ.ም. በተዋጉበት የእርስ በርስ ጦርነት ዘመን የተደረገ ሆኖ ይቀርባል፤ ፊልሙ የተነሣው ግን በአብዛኛው በእስፓኝ አገር ነው። እንዲህ ያሉትን በኢጣልያውያን የተሠሩ የካውቦይ ፊልሞች ሰዎች በፌዝ «እስፓጌቲ ዌስተርን» ይሏቸው ነበር፤ ዛሬ ፌዙ ቀርቶ ስሙ መደበኛ መጠሪያቸው ሆኗል።

ፊልሙን ላላያችሁት ታሪኩን ባጭሩ ልንገራችሁ። ሦስት ሰዎች 200,000 ዶላር የሚያወጣ የተሸሸገ ወርቅ ይፈልጋሉ። ክሊንት ኢስትውድ የሚጫወተው ብሎንዲ «ደጉ» ነው። ሊ ቫን ክሊፍ የሚጫወተው ኤንጀል አይዝ «ክፉው» ነው። ኢላይ ዎላክ የሚጫወተው ቱኮ ደግሞ «መልከ ጥፉው» ነው። የወርቁን ምሥጢር የያዘ አንድ ወታደር ሊሞት ሲል፥ ለቱኮ የመቃብሩን ቦታ፥ ለብሎንዲ ደግሞ ወርቁ የትኛው መቃብር ውስጥ እንዳለ ይነግራቸዋል። እንግዲህ አንዱ ያለ ሌላው አንዲት ሳንቲም ሊያገኝ አይችልም። ሁለት የማይተማመኑ ሰዎች በአንድ ቀንበር እንደ ተጠመዱ በሬዎች አብረው ይጓዛሉ፤ ሦስተኛው ዱካቸውን ይከተላል። በመጨረሻም ሦስቱ በጦርነቱ ሙታን መቃብር መካከል ይገናኛሉ።

ብሎንዲ አስቀድሞ ለቱኮ የነገረው የሐሰት ስም ነው። ቱኮ ቀድሞ ይደርስና ያንን ስም ፍለጋ በሺህ መስቀሎች መካከል እንደ እብድ ይሮጣል። የኤንዮ ሞሪኮኔ ሙዚቃና የዘፋኟ የኤዳ ዴሎርሶ ድምፅ ከሩጫው ጋር እየጨመረ ይሄዳል፤ ካሜራውም እየፈጠነ ከሰውየው ጋር ይዞራል። መቃብሩ ተገኝቶ ሲቆፈር ግን ከአጥንት በቀር ምንም የለበትም። በዚያን ጊዜ ብሎንዲ የእውነተኛውን መቃብር ስም በአንድ ድንጋይ ላይ እንደሚጽፍ ሆኖ ይጽፍና፥ ድንጋዩን በመቃብሮቹ መካከል ባለው ክብ አደባባይ ላይ ያስቀምጠዋል። ድንጋዩን የሚያነሣው ከሦስቱ በሕይወት የተረፈው ነው።

ከዚህ በኋላ የሚሆነውን ልብ በሉ። ሦስቱ ሰዎች እየተራራቁ በክቡ ዳር ይቆማሉ። ከዚያም አምስት ደቂቃ ለሚያህል ጊዜ አንድም ተኩስ የለም፤ አንድም ቃል አይነገርም። ካሜራው መጀመሪያ ሦስቱን በሰፊው ሜዳ ላይ እንደ ጉንዳን አሳንሶ ያሳየናል። ቀጥሎ ወደ ፊታቸው፥ ወደ እጃቸው፥ ወደ ሽጉጣቸው፥ በመጨረሻም ወደ ዓይናቸው ይቀርባል። ጊታሩና ጡሩምባው ድምፃቸውን ከፍ ባደረጉ መጠን ሥዕሎቹ እየፈጠኑ ይለዋወጣሉ። ተኩሱ ራሱ ግን ሲመጣ ቅጽበት ነው፤ አንዱ ይወድቃል፥ ነገሩም ያበቃል።

እንግዲህ የዚህ ፍጻሜ ኃይል ያለው በተኩሱ ሳይሆን ከተኩሱ በፊት ባለው ዝምታ ነው ማለት ነው። ዝምታው ስለ ምን አይሰለቸንም? በእኔ አስተያየት ምክንያቱ ዝምታው ባዶ አለመሆኑ ነው፤ ሐሳብ ሞልቶበታል። በአሜሪካ በተሠሩት በቀድሞዎቹ ፊልሞች እንደ ልማድ ሁለት ሰዎች በመንገድ ላይ ፊት ለፊት ይቆማሉ፤ ጥያቄውም ማን ይፈጥናል የሚል ብቻ ነው። ሊዮኔ ራሱ በ1965 ዓ.ም. ባወጣው ፊልም ፍጻሜ ሦስት ሰዎችን በክብ ውስጥ አቁሞ ነበር፤ ነገር ግን ሦስተኛው ዳኛ እንጂ ተፋላሚ አልነበረም። በዚህኛው ሦስቱም ተፋላሚዎች ናቸው። አንደኛው ወደ ሁለተኛው ቢተኩስ ለሦስተኛው ራሱን አጋልጦ ይሰጣል። ቀድሞ መተኮስ አደጋ ነው፤ ዘግይቶ መተኮስም አደጋ ነው። ስለዚህ ዓይኖቹ ከአንዱ ወደ ሌላው በተዘዋወሩ ቁጥር እኛም ከወንበራችን ላይ ሆነን «ማን ማንን ይመታል?» እያልን እናሰላለን። በክቡ ውስጥ የማንታይ አራተኛ ሰዎች እንሆናለን።

ሁለተኛው ምክንያት ከዚህ የበለጠ ነው። ተኩሱ ካለፈ በኋላ የቱኮ ሽጉጥ ባዶ መሆኑ ይታወቃል። ብሎንዲ ጥይቶቹን ባለፈው ሌሊት አውጥቶበት ኖሯል። በድንጋዩም ላይ አንድም ፊደል አልተጻፈበትም፤ ወርቁ ያለው ቱኮ ከቆፈረው አጠገብ ባለው፥ የባለቤቱ ስም ባልታወቀ መቃብር ውስጥ ነውና። እንግዲያውስ ለሁለቱ የሦስት ሰው ግጥሚያ የሆነው ነገር ለብሎንዲ የሁለት ሰው ነበር። ሌሎቹ ዓይናቸውን ለሁለት ሲከፍሉ እርሱ በአንዱ ላይ ብቻ ማሳረፍ ይችል ነበር። የረታቸው በእጁ ፍጥነት ብቻ አይደለም፤ ሌሊቱን ባደረገው ዝግጅት ነው።

ወንድሞቼና እኅቶቼ፥ ይህ ለእኛ ለተማሪዎች እንግዳ ነገር ነውን? በፈተና ቀን ጠረጴዛው ላይ ተቀምጦ የሚደናገጠውና ረጋ ብሎ ብዕሩን የሚያነሣው የሚለዩት በዚያች ሰዓት ነው ብለን እናስባለን። መለያየታቸው ግን የተጀመረው ገና በዋዜማው፥ ከዚያም በፊት ባሉት ሌሊቶች ነው። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» የሚለው የአባቶቻችን ተረት ለቱኮ ሩጫ የተነገረ ይመስላል።

ፍጻሜው ከአንድ ጊዜ በላይ ሊታይ የሚችለውም ስለዚህ ነው። ምሥጢሩ ከታወቀ በኋላ የሚሞት ታሪክ ብዙ አለ። ይህን ግን ምሥጢሩን አውቀን ስንመለስበት ሌላ ነገር እናይበታለን፤ የብሎንዲን እርጋታ፥ የቱኮን ምስኪንነት፥ በባዶ ሽጉጥ የሚንቀጠቀጠውን እጅ። በመጀመሪያው ጊዜ እንጨነቃለን፤ በሁለተኛው ጊዜ እናስተውላለን።

ስለ ስማቸውም ጥቂት ልበል። «መልከ ጥፉን በስም ይደግፉ» እንዲሉ፥ ይህ ፊልም በስም የደገፈው መልከ ጥፉውን ሳይሆን ደጉን ነው። ብሎንዲ ገንዘብ የሚወድ፥ ሰው የሚገድልና የሚያታልል ሰው ነውና «ደግ» መባሉ ያጠራጥራል። ሆኖም ወደ መቃብሩ ከመድረሱ በፊት ለሚሞት አንድ ወጣት ወታደር ካፖርቱን ያለብሰዋል፤ ሲጋራውንም ያስጨሰዋል። በመጨረሻም ቱኮን አንገቱን በገመድ አስገብቶ በመስቀል ላይ ካቆመው በኋላ ከወርቁ ግማሹን ትቶለት ይሄዳል፤ ከሩቅ ኮረብታም ተኩሶ ገመዱን ይበጥስለታል። ፊልሙ የሚለን ይህ ሰው ፍጹም ነው አይደለም። ሁሉን ሊወስድ ሲችል ግማሹን ተወ፥ ሊገድል ሲችል አልገደለም ነው የሚለን። ደግነቱ ትንሽ ናት፤ ነገር ግን በዚያ በሙታን መካከል ሌላ ደግነት ስለሌለ ጎልታ ትታያለች።

የመቃብሩም ቦታ ዝም ብሎ የተመረጠ አይደለም። በሰሜን እስፓኝ በቡርጎስ አውራጃ የእስፓኝ ወታደሮች 5,000 ያህል የሐሰት መቃብሮችን በክብ በክብ አድርገው ሠርተውታል። ሦስት ሰዎች ለወርቅ ሲፋጠጡ፥ በዙሪያቸው ሁሉ ለሌላ ጉዳይ የሞቱ ሺህ ወጣቶች ተኝተዋል። ማንም ስለ እነርሱ አንድ ቃል አይናገርም፤ ተመልካቹ ግን መስቀሎቹን ሳያይ ሊያልፍ አይችልም። የጦርነትን ከንቱነት ከብዙ ስብከት ይልቅ ይህ ዝምታ ይናገረዋል።

ስፍራው ከፊልሙ በኋላ ለግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል ሣር በቅሎበት ተረስቶ ነበር። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የፊልሙ ወዳጆች በፈቃዳቸው አካፋና ዶማ ይዘው እየመጡ የተነጠፈውን ድንጋይ አወጡት፤ መስቀሎቹንም መልሰው ተከሉ። ለሥራው ገንዘብ የረዱ ሰዎችም ስማቸው በባዶዎቹ መቃብሮች ላይ ተጻፈላቸው። የሥራው ታሪክ በ2017 ዓ.ም. ራሱን የቻለ ፊልም ሆኖ ወጥቷል። አንድ የሲኒማ ፍጻሜ ሰውን አካፋ ካስያዘ፥ አላፊ ጨዋታ ብቻ ነው ለማለት ያስቸግራል።

በትምህርት ቤት በዓል ላይ ሳይነገር ሊቀር የማይገባ አንድ ነገር ደግሞ አለ። ሰርጂዮ ሊዮኔና ኤንዮ ሞሪኮኔ በልጅነታቸው በሮም ከተማ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የአንድ ክፍል ልጆች ነበሩ። ከዚያ በኋላ ተለያይተው፥ በ1964 ዓ.ም. ለወጣው ፊልም ሥራ ሲገናኙ ነው የትናንት ጓደኛሞች መሆናቸውን ያወቁት። ሊዮኔ በ1989 ዓ.ም.፥ ሞሪኮኔ በ2020 ዓ.ም. አርፈዋል። አንዱ በዓይን፥ ሌላው በጆሮ የሠሩት ያ አምስት ደቂቃ ግን አንዱን ከሌላው ለይቶ ማሰብ እስከማይቻል ድረስ አብሮ ይኖራል። ዛሬ በአጠገባችን የተቀመጠው ጓደኛችን ነገ ምን እንደሚሠራ፥ ከእኛስ ጋር ምን ሊሠራ እንደሚችል ማን ያውቃል?

ወደ ተነሣሁበት ጥያቄ ልመለስና ላብቃ። ከሽጉጥ ፊልም ቁም ነገር ይገኛልን? ሮጀር ኢበርት የተባለው አሜሪካዊ ሐያሲ ይህን ፊልም መጀመሪያ ሲመዝነው ሙሉ ማዕረግ ነፍጎት ነበር፤ በ2003 ዓ.ም. ግን ከታላላቅ ፊልሞች ተራ አስገባው። ፊልሙ አልተለወጠም፤ የተለወጠው አመለካከቱ ነው። እኔም የምለው ይህንኑ ነው። በፊልሙ ውስጥ ጭካኔ አለ፤ ጭካኔውን የሚወድ ተመልካች ጭካኔን ብቻ ይዞ ይወጣል። ነገር ግን በዚያ ክብ ውስጥ ትዕግሥትን፥ ዝግጅትንና ትንሽቱን ምሕረት ለይቶ ያየ ሰው ከሲኒማ ቤት ሲወጣ ሽጉጥ አይመኝም። ስለዚህ ወላጆቻችንንና መምህራኖቻችንን የምንለምነው ዓይናችንን እንዲጋርዱብን ሳይሆን ማየትን እንዲያስተምሩን ነው።