ሳንኮፋ፦ አንገቷን ያዞረችው ወፍ

የዛሬው ቃላችን ሳንኮፋ ነው። ሳንኮፋ በጋና አካኖች ቋንቋ «ተመልሰህ አምጣው» ማለት ነው። ምልክቱም አንገቷን ወደ ኋላ ያዞረች ወፍ ናት።

ነገሩ እንደ እርሾ ነው። ባለሙያ ሴት አዲስ ሊጥ ስታቦካ ከቀድሞው ያስቀረችውን እርሾ ጠብ ታደርግበታለች። አዲሱ የሚቦካው በአሮጌው ነው።

ታዲያ ፕሮፌሰር ኃይሌ ገሪማ በፈረንጆቹ 1993 ስለ ባርነት የሠሩትን ፊልም ሳንኮፋ አሉት። አሜሪካ ውስጥ የሚያከፋፍለው ጠፋ። እሳቸውና ባለቤታቸው ሺሪኪያና አይና ግን እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም፤ ሲኒማ ቤት እየተከራዩ፣ የየከተማውን ጥቁር ማኅበረሰብ እያስተባበሩ ራሳቸው አሳዩት። ሕዝቡም ጎረፈ።

ኋላ ደግሞ ዋሽንግተን ውስጥ፣ ከሀዋርድ ዩኒቨርሲቲ ፊት ለፊት፣ መጽሐፍም ቡናም የሚሸጥበት ቤት ከፈቱ። ስሙ? ሳንኮፋ! በዚያ የምታልፉ ጎራ በሉ።