ሥራዋን ያጣች ነፍሰ ጡር እህታችንና የእኛ ኃላፊነት

(በመግሪብና በዒሻ ሰላት መካከል ለመስጂዱ ጀመዓ የተደረገ ንግግር)



ምስጋና ሁሉ ለአላህ የተገባ ነው። ሰላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።

የተከበራችሁ አባቶች፣ እናቶች፣ ወንድሞችና እህቶች! ዛሬ የማነሳው ጉዳይ በመስጂድ ውስጥ ብዙ ጊዜ አይነሳም። የሴቶች ጉዳይ ነው፣ የቤት ውስጥ ምስጢር ነው እየተባለ ይታለፋል። ነገር ግን በዚህ ሰፈር ሥራቸውን አጥተው ሆዳቸው የገፋ እህቶች አሉ። መጋረጃው ወዲያ ተቀምጠው የሚሰሙኝም ይኖራሉ። ስለ ሌላ ሰው ከማውራት ከራሴ ቤት ልጀምር።

ባለቤቴ ልብስ ሰፊ ነበረች፤ በአንድ ፋብሪካ ከ2 ዓመት በላይ ሠርታለች። አሜሪካ አጎዋ የሚባለውን ከቀረጥ ነፃ የገበያ ዕድል ከታኅሣሥ 23 ቀን 2014 ጀምሮ ለአገራችን መዝጋቷን ታስታውሳላችሁ። ወደዚያ ገበያ ይሰፉ የነበሩ ፋብሪካዎች ትዕዛዝ ቀረባቸው። የካቲት ላይ ለባለቤቴ ደብዳቤ ሰጧት። የ6 ወር እርጉዝ ነበረች። የወሩን ደመወዝ 1,800 ብር ቆጥረው ሰጥተው አስፈረሟትና ወጣች። እኔ ከመድረሳው የማገኘው ከዚያ ያንሳል፤ እሱም ወላጆች በከፈሉበት ወር ነው። የቤት ኪራያችን 1,200 ብር ነበር። ሂሳቡን እናንተው ሥሩት።

ያን ጊዜ የሠራኋቸውን ስህተቶች ልናገር ነው የቆምኩት። ኡስታዝ ሲሳሳት በአደባባይ መናገሩ ደስ አይልም፤ ግን ሌላው እንዳይደግመው ይጠቅማል።

የመጀመሪያው ስህተቴ «ሥራዋን አጣች» እያልኩ ጉዳዩን የሷ ማድረጌ ነው። በሸሪዓችን የሚስት ቀለብ፣ ልብስና መጠለያ በባል ላይ ነው፤ ሚስት የራሷ ሀብት ቢኖራትም። አላህ በሱረቱ ጠላቅ የተፈታች ሴት እንኳ እርጉዝ ከሆነች እስክትወልድ ወጪዋ እንዲሸፈን አዟል። በትዳር ውስጥ ያለችው እንዴት ትሆን! 1,800 ብሩ የሷ ችሮታ ነበር። ችሮታው ሲቋረጥ የታየው የኔ ጎዶሎ ነው እንጂ የሷ አልነበረም። እኔ ግን ማታ ማታ «አሁን ምን ልናደርግ ነው?» እያልኩ እጠይቃት ነበር፤ መልሱ ከሷ የሚጠበቅ ይመስል። እሷም መልስ ፈለገች። መልሱ ምን እንደነበር ያወቅሁት በረመዳን ነው።

ረመዳን መጋቢት መጨረሻ ላይ ገባ። ለራሷ ወይም ለጽንሷ የምትፈራ ሴት ማፍጠር እንደተፈቀደላት እኔው ለልጆች አስተምራለሁ። እሷ ግን «እችላለሁ» ብላ ጾመች። እኔም በዒማኗ ተደሰትኩ፣ ሱብሃነላህ! በ2ኛው ሳምንት ጤና ጣቢያ ስትሄድ ነርሷ ደሟ ማነሱን አይታ ቆጣ አለቻት። ቤት ስንገባ «ምሳውን ለመቆጠብ ብዬ ነው» አለችኝ። ለክትትሉም በባጃጅ የሚወጣውን ብር ለማዳን አንድ ቀጠሮ ዘልላ ነበር፤ ለኔ «ሄጃለሁ» ብላኝ።

ወንድሞቼ፣ እርጉዝ ሴት ያላችሁ ሁሉ ዛሬ ቤት ስትገቡ «ምሳ በላሽ?» ብላችሁ ጠይቁ። «በልቻለሁ» ካለችም ድስቱን እዩ።

ስለ ጤና ጣቢያው አንድ ነገር ግልጽ ይሁን። በመንግሥት ጤና ጣቢያ የእርግዝና ክትትል፣ ወሊድ፣ ከወሊድ በኋላ ያለው ክትትልና የሕፃኑ ክትባት ያለ ክፍያ ይሰጣል። ለደም የሚሰጠውም ኪኒን እንደዚያው። ብዙ እህቶች ገንዘብ የለኝም ብለው የሚቀሩት ከማያስከፍል ቦታ ነው። ወጪ የለም አላልኩም፤ መጓጓዣው አለ፣ ጤና ጣቢያው ውስጥ ጠፍቶ ከውጭ የሚታዘዝ ምርመራ ወይም መድኃኒት አለ፣ ወደ ሆስፒታል መላክ ሊመጣ ይችላል። ቆጥቡ ከተባለ የሚቆጠበው ለዚህ ነው። የማህበረሰብ አቀፍ ጤና መድን የምዝገባ ወቅት ሲመጣም ቤተሰቡን ያላስመዘገበ ያስመዝግብ፤ ከታመሙ በኋላ መሮጥ አይጠቅምም። የአምቡላንሱን ስልክ ከጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ወስዳችሁ ግድግዳ ላይ ጻፉት። ደም ከፈሰሳት፣ ብርቱ ራስ ምታት ይዟት ዓይኗ ብዥ ካለ፣ ፊቷና እጇ ካበጠ ወይም የልጁ እንቅስቃሴ ከቀነሰ፣ ብር እስኪገኝ አይጠበቅም። ያኔውኑ ይኬዳል።

ምግቡም ቢሆን ሥጋ ካልተገኘ ምንም የለም ማለት አይደለም። ምስር፣ ሽሮ፣ ባቄላ፣ ጎመን፣ ሲገኝ እንቁላል ጥሩ ነው። ቡና ወዳዶች ነን፤ እናቶቼ አትቆጡኝ እንጂ ቡናና ሻይ ከምግብ ጋር ሲጠጡ ሰውነት ከምግቡ የሚያገኘውን ብረት ይቀንሱበታል። ቡናው ከምግብ ትንሽ ይራቅ፣ ለእርጉዟም ከአቦል በኋላ ቶናና በረካው ይቅርባት። ከወለደች በኋላም ለልጁ የዱቄት ወተት ካልገዛን ብሎ መጨነቅ አያስፈልግም። እስከ 6 ወር የእናት ጡት ብቻውን ይበቃዋል። ቆርቆሮው ላይ ሊወጣ የታሰበው ብር ለእናትየው ምግብ ይዋል።

ሁለተኛው ስህተቴ ደብዳቤውን አለማንበቤ ነው። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙዎቻችን የምንጎዳበት ቦታ ነው።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነፍሰ ጡር ሠራተኛን በእርግዝናዋ ጊዜና ከወለደች በኋላ ባሉት 4 ወራት አሠሪው እንዳያሰናብታት ይከለክላል። አዋጁ በዘረዘራቸው ምክንያቶች ማሰናበት ይቻላል፤ የሠራተኛ ቅነሳ አንዱ ነው። ቅነሳ ሲሆንም ተራ አለው፤ በመጨረሻ ከሚነኩት መካከል ነፍሰ ጡሮችና በቅርብ የወለዱት ናቸው። ሥራ ላይ ያለች ደግሞ ከወሊድ በፊት 30 ቀን፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ፈቃድ ከሙሉ ደመወዝ ጋር አላት። በቅነሳ የወጣ ሠራተኛ የስንብት ክፍያ አለው፤ ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን ደመወዝ ሆኖ ለሚቀጥለው እያንዳንዱ ዓመት ሲሶው ይጨመርበታል። ያልወሰደው የዓመት ፈቃድም በገንዘብ ይታሰብለታል።

ይህን ሁሉ አናውቅም ነበር። ሰኔ ላይ፣ ልጁ ከተወለደ በኋላ፣ የሠራተኛ ማህበር ውስጥ የነበረች አብራት ትሠራ የነበረች ልጅ አራስ ልትጠይቅ መጣች። ደብዳቤውን አንብባ «ምነው እስካሁን!» አለች። ወደ ሥራ ልመለስ ብሎ ለመክሰስ ያለው ጊዜ 3 ወር ብቻ ነው፤ አልፎብናል። ለክፍያ ያለው 6 ወር ስለሆነ ለሱ ደረስን። ባለቤቴ ሕፃኑን በአንቀልባ አዝላ ማመልከቻዋን ይዛ ፍርድ ቤት ሄደች። ለሥራ ክርክር የዳኝነት ክፍያ አይጠየቅም። ፋብሪካው ፍርድ ሳይሰጥ የስንብቱንና የዓመት ፈቃዱን ከፈለ። ብሩ ብዙ አልነበረም፤ ዕዳችንን ግን ቀነሰልን።

ስለዚህ እህቶች፣ ሳታነቡ አትፈርሙ። ካልገባችሁ «ቅጂውን ስጡኝና ባለቤቴ ወይም ወንድሜ ይየው» በሉ። የሥራ ውሉን፣ መታወቂያውን፣ የደመወዝ ወረቀቱንና ከጤና ጣቢያ የተሰጣችሁን የክትትል ካርድ በአንድ ቦታ አስቀምጡ። እርጉዝ መሆናችሁን አሠሪው ማወቁን የሚያሳይ ወረቀት ይኑራችሁ። መብትን በሰላምና በሥርዓት መጠየቅ ነውር አይደለም፤ ይህን ጀመዓ ስለዚህ ማስተማር አይጠበቅብኝም። በሰው ቤት የሚሠሩ እህቶቻችን ግን በዚህ አዋጅ ውስጥ የሉም። እነሱን የቀጠርን ሰዎች እዚሁ ሰፍ ውስጥ ስላለን፣ ሲያረግዙ «ወደ አገርሽ ግቢ» የምንለውን ነገር አላህ የሚጠይቀን መሆኑን እናስታውስ።

ሦስተኛው ስህተቴ ዓቂቃው ነው። አላህ ወንድ ልጅ ሰጠን፣ አልሐምዱሊላህ። የኡስታዝ ልጅ ነውና ሰፈሩ ይጠብቃል። እኔም 11,000 ብር ተበድሬ ሁለት በግ አረድኩ። ዘመድ አዝማድ በልቶ መርቆን ሄደ። ከሳምንት በኋላ ለአራሷ የአጥሚት እህል አልነበረንም። ዕዳውን ለመክፈል 14 ወር ፈጅቶብኛል። አብዛኞቹ ዑለማዎች ዓቂቃን የጠነከረ ሱና እንጂ ዋጂብ አይሉትም፤ በሻፊዒይ መዝሀብም ልጁ ለአቅመ አዳም እስኪደርስ ጊዜ አለው። ይህንንም አውቅ ነበር። ያረድኩት ለአላህ ብዬ ነው ወይስ ለጎረቤት የሚለውን ዛሬም ራሴን እጠይቃለሁ።

ትክክል የሠራነውም አለ። ባለቤቴ እቁብ ነበረባት። ሥራ ስታቆም ደፍራ ለእቁቡ ዳኛ ነገረች፣ ዕጣ የደረሳት ሴት ቀድማ ለቀቀችላት። ያ ብር 4 ወር የቤት ኪራይ ሆነ። ሐፍረት ቢይዛት ኖሮ መዋጮው አቅቷት ከእቁቡም ትወጣ ነበር። የመህሯን ወርቅ ልንሸጥ ተነጋግረን ነበር፤ አልሸጥነውም። ወርቁ የሷ ነው፣ ሳትወድ ሊሸጥ አይገባም። ወዳ ብትሸጠው እንኳ ብድር ነው ወይስ ስጦታ የሚለው ተነጋግረው የሚለዩት ነው። ብድር ከሆነ ይጻፍ፤ በቁርኣን ረጅሙ አንቀጽ ስለ ዕዳ መጻፍ መሆኑን ለልጆቻችሁ በየዓመቱ አስተምራለሁ።

በአራጣ የተበደረ ጎረቤትም አውቃለሁ፤ ለወሊድ ብሎ ወስዶ ልጁ ሲራመድ ገና ወለዱን ይከፍል ነበር። ሐራም ነው ማለት ቀላል ነው፤ እንዲህ ያለውን ሰው ግን ወደ አራጣ አበዳሪው የላከው የኛ ዝምታም ነው። ቀርዱ ሐሰን የሚያበድር ሰው በሰፈሩ ቢኖር ወደዚያ ባልሄደ ነበር።

አሁን ወደኛ ልምጣ። በሱረቱ ተውባ 60ኛው አንቀጽ ዘካ ከሚገባቸው 8 ወገኖች ድሆች፣ ምስኪኖችና በዕዳ የተያዙ ሰዎች ይገኛሉ። ሥራዋን ያጣችና ባሏ ያልቻለ እርጉዝ ሴት ከነዚህ ውጪ አይደለችም። ነገር ግን የዘካ ኮሚቴያችን የት ነው የሚቀመጠው? በወንዶቹ በር ነው። ማን ነው የሚቀበላት? አምስት ወንዶች። ሆዷን ይዛ ገብታ በአምስት ወንድ ፊት «የምበላው የለኝም» እንድትል እንጠብቃለን። ባለቤቴ አልሄደችም፤ እኔም የምታወቅ ሰው ነኝና አልሄድኩም። ቁርኣን ከመለመን ስለሚቆጠቡ፣ የማያውቃቸው ሰው ሀብታም ስለሚያደርጋቸው ድሆች ይናገራል። እነሱን ፈልጎ ማግኘት የሰጪው ሥራ ነው።

በወሎ ቅሬ የምንለው፣ ሌላው እድር የሚለው ማህበራችን ደግሞ ሰው ሲሞት በአንድ ሰዓት ውስጥ ድንኳን ይተክላል፣ ከፈን ይገዛል፣ ለቤተሰቡ ገንዘብ ያወጣል። አላህ ይቀበለው። ለሚወለደው ግን በመተዳደሪያው ውስጥ አንድ መስመር የለም። አንድ ሽማግሌ ይህን ስነግራቸው «ወሊድ ደስታ ነው፣ ለደስታ መዋጮ የለም» አሉኝ። አባባ፣ እሳቸውም እዚህ አሉ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ደስታ የሚሆነው እናትየው ስትበላ ነው።

ሁለት ነገር ነው የምጠይቀው። አንደኛው፣ ከዘካ ኮሚቴው ጋር ተነጋግረናል፤ የሴቶቹ ጀመዓ 3 ሴቶችን ይመርጣል። ቅዳሜ ከዐስር ሰላት በኋላ በመድረሳው የመጨረሻ ክፍል ይቀመጣሉ። ወንድ አይገባም፣ ስም በማስታወቂያ አይለጠፍም። ከመካከላቸው አንዷ ደብዳቤና ውል የምታነብ ትሆናለች፤ ቅድም ያልኳት ልጅ እሺ ብላለች። ሁለተኛው፣ የፊታችን እሑድ የቅሬው ስብሰባ አለ። ለወለደች አባል ቤት፣ ባልና ሚስት ወይም አንዳቸው ሥራ ካጡ፣ የአንድ ወር ቀለብ እንዲሰጥ የሚል ሐሳብ አቀርባለሁ። ድምፅ ያላችሁ ቀርታችሁ እንዳታስረሱኝ።

አራስ የምትጠይቁ እናቶችም ለስላሳውንና ብስኩቱን ትታችሁ የገብስ ዱቄት፣ ቅቤ፣ ሳሙና ያዙ። ልጆቻችሁ ያደጉበትን ልብስ አጥባችሁ አምጡ፤ ከቅዳሜ ጀምሮ በዚያው ክፍል እንቀበላለን።

ሙአዚኑ ተነስቷል። ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።