ባሕር ተሻግሮ ማገልገልና በደጃፍ ማገልገል
(የትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ሲከበር በ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ስም የተደረገ ንግግር)



በዚህ የደስታ ቀን ስለ አእምሮ ጤንነት ለመናገር መምረጣችን ለአንዳንዶቻችሁ እንግዳ ነገር ሊመስላችሁ ይችላል። በዓል የእልልታ ቀን ነው እንጂ የሕመም ወሬ የሚነሣበት አይደለም ትሉን ይሆናል። ነገር ግን የትምህርት ቤት ክብር ስንት ዓመት እንደ ቆመ በመቁጠር ብቻ ሳይሆን ለልጆቹ ምን እንዳደረገላቸው በመመርመርም የሚታይ ስለሆነ፣ ጥቂት ጊዜ እንድትሰጡን በትሕትና እንለምናችኋለን።

መተማችን የአገር በር ናት። በመጋቢት 1881 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ከደርቡሽ ጋር ሲዋጉ የወደቁት በዚህችው ምድር ነው። ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ በሱዳን በተነሣው ጦርነት ምክንያት ብዙ ሺህ ሰዎች ከጋላባት ተሻግረው ወደ እኛ መጡ፤ በኩመርና በአውላላም ተጠልለው ነበር። በየዓመቱም ክረምት ሲገባ ለሰሊጥና ለጥጥ አረም፣ ቀጥሎም ለአጨዳ፣ ብዙ ወጣት ቤተ ሰቡን ደጋ ትቶ ወደ ቆላችን ይወርዳል። ጦርነት ያየ፣ ከወገኑ የተለየ፣ ዘመዱን የቀበረ ሰው በሆዱ ብዙ ነገር ይዞ ይኖራል። እንዲህ ካለው ቤት የወጣ ልጅም ከኛ ጋር በአንድ ዴስክ ይቀመጣል።

ወባ የያዘው ልጅ ሲንቀጠቀጥ ብናይ ማንም አይስቅበትም፤ ደግፈን ወደ ጤና ጣቢያ እንወስደዋለን። እንቅልፍ ያጣ፣ ከጓደኞቹ የራቀ፣ በትምህርቱ ወደ ኋላ የቀረ፣ ስለ ሞት የሚናገር ልጅ ሲያጋጥመን ግን «ሰነፍ ሆነ»፣ «አበደ» ብለን እናልፈዋለን። ሁለቱም ሕመም ሆነው ሳለ አንዱ አልጋ ሲያገኝ ሌላው ስድብ ማግኘቱ ካለማወቅ የመጣ ነው። ከአእምሮ ሕመሞች ሲሶው ያህል ከ14 ዓመት ዕድሜ በፊት፣ እኩሌታው ያህል ደግሞ ከ18 ዓመት በፊት እንደሚጀምር በጥናት ታውቋል። ይህም ማለት ሕመሙ የሚጀምረው ሐኪም ከሚያየው ይልቅ መምህርና ተማሪ በሚያዩት ዕድሜ ነው።

በዛሬው ጊዜ በልዩ ልዩ አገር ያሉ ክርስቲያኖች ይህን ጉዳይ እንደ አገልግሎት ቆጥረው፣ ያለ ደመወዝ ባሕር እየተሻገሩ በየትምህርት ቤቱ ስለ አእምሮ ጤንነት ያስተምራሉ። ከኛም መካከል እንዲህ ላለው ሥራ የሚመኙ አሉ። ምኞቱ መልካም ነው። ነገር ግን አገልግሎቱ ፍሬ የሚያፈራው እንዴት ሲሆን ነው? ለዚህ ጥያቄ የኛው አገር ታሪክ ጥሩ መልስ ይሰጠናል።

በዐፄ ቴዎድሮስ ዘመን የቅድስት ክሪሾና ማኅበር የሚባል የስዊስ ሚሲዮን ከኢየሩሳሌም እስከ ኢትዮጵያ በየሐዋርያው ስም የተጠሩ ጣቢያዎችን ለመዘርጋት አስቦ ነበር፤ ከነዚያም አንዱ ጣቢያ በመተማ ተከፍቶ ነበር። የዚሁ ማኅበር ሰው የሆነው ቴዎፊል ዋልድማየር በ1851 ዓ.ም. ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት ከባልንጀሮቹ ጋር የእጅ ሥራ ያስተምር ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ ግን ከስብከታቸው ይልቅ ጥበባቸውን ስለ ፈለጉት፣ ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ እስከ ማሠራት ደረሱ። ዋልድማየር በ1860 ዓ.ም. መቅደላ ስትወድቅ ከኢትዮጵያዊት ከተወለደችው ሚስቱ ጋር አገራችንን ለቅቆ ወደ ሊባኖስ ሄደ፤ በዚያም ብሩማና በተባለች መንደር ትምህርት ቤት አቋቋመ።

ሰውዬው የአእምሮ ሕመምተኞች በሰንሰለት ታስረው በዋሻ ሲጣሉ አየ። ሆኖም ለሕመምተኞቹ ቤት ለመሥራት የተነሣው በዚያ አገር 30 ዓመት ያህል ከሕዝቡ ጋር ከኖረ በኋላ ነው። በአውሮፓና በአሜሪካ እየዞረ ገንዘብ ለመነ፤ በቤይሩት አጠገብ በአስፉሪየህም ሆስፒታሉ በ1892 ዓ.ም. ተከፈተ። ሃይማኖት ሳይለይ ክርስቲያኑንም፣ እስላሙንም፣ ድሩዙንም ተቀበለ። ከ80 ዓመት በላይ ካገለገለ በኋላ በሊባኖስ የርስ በርስ ጦርነት ዘመን፣ በ1974 ዓ.ም. ተዘጋ። እንግዲህ በኛ አገር መድፍ ያሠሩት አስተማሪ በሌላ አገር የሕሙማንን ሰንሰለት ለማስፈታት በቃ ማለት ነው።

ወደ ዘመናችን ስንመለስ ሌላ ምሳሌ እናገኛለን። እስከ 1995 ዓ.ም. ድረስ በአእምሮ ሕክምና ስፔሻሊስት ለመሆን የሚፈልግ ኢትዮጵያዊ ሐኪም ወደ ውጭ አገር መሄድ ነበረበት። በዚያ ዓመት ግን የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ተባብረው ትምህርቱን አዲስ አበባ ላይ ጀመሩ። የካናዳ ሐኪሞች በበጎ ፈቃድ እየተፈራረቁ፣ አንድ ወር ያህል እየቆዩ ያስተምሩ ነበር። ይህ የሃይማኖት ማኅበር ሥራ አይደለም፤ ነገር ግን ለአገልጋይ ሁሉ ትምህርት ይሆናል። እንግዳው ሲሄድ ሥራው አብሮት አልሄደም፤ የተማሩት ኢትዮጵያውያን ራሳቸው አስተማሪዎች ሆኑና።

ከሁለቱ ታሪክ የምናገኘው ምክር አንድ ነው፤ ይኸውም ለማስተማር የሚሻገር ሰው አስቀድሞ ይማር፣ ሲመለስም ተተኪ አስተማሪ ይተው የሚል ነው። ለሦስት ሳምንት መጥቶ መከራ ያየውን ልጅ «ያየኸውን ሁሉ ንገረን» ብሎ አስለቅሶ የሚሄድ ሰው ቁስል ከፍቶ ሳያስር የሚሄድ ነው። የዓለም የጤና ድርጅትም እንዲህ ያለውን የአንድ ቀን ኑዛዜ አይመክርም። መምህሮቻችንን ምልክቶቹን እንዲለዩ፣ እንዲያዳምጡና ወደ ጤና ባለሙያ እንዲያደርሱ የሚያሠለጥን ግን ከሄደ በኋላም ሥራው ይቀጥላል።

በወንጌል የተጻፈውን የጌርጌሴኖንን ሰው አስቡ። ሕመምተኛ ሁሉ ክፉ መንፈስ አለበት ማለታችን አይደለም፤ ልብ ያልነው ፍጻሜውን ነው። በመቃብር ስፍራ ይኖር የነበረው፣ በሰንሰለት ይታሰር የነበረው ያ ሰው ከዳነ በኋላ ከጌታችን ጋር ሊሄድ ለመነ። ጌታችን ግን ወደ ቤቱ፣ ወደ ወገኖቹ ሰደደው። አንዳንዱ አገልጋይ ባሕር እንዲሻገር ይጠራል፤ አብዛኞቻችን ግን የተጠራነው ወደ ቤታችን ነው።

ስለዚህ በዚህ በዓል የምንለምነው ሦስት ነገር ነው። መምህሮቻችን ሆይ፣ ዝም ያለውን ተማሪ ከመቅጣታችሁ በፊት ጠይቁት፤ ራሱን ሊጎዳ አስቦ እንደሆነ በግልጥ መጠየቅ ሐሳቡን አያመጣበትም፣ ይልቁንም ሸክሙን ያቀልለታል። ወላጆቻችን ሆይ፣ ልጃችሁን ወደ ጸበል ስትወስዱት መድኃኒቱን አታስጥሉት፤ እግዚአብሔር በሁለቱም ይሠራልና። በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለ፤ መንገዱ ወደ 200 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆንም ከሰንሰለት ይሻላል። እናንተ ተማሪዎች ሆይ፣ «እብድ» የሚለውን ቃል ከግቢያችን እናስወጣ። የታመመው ክርስቲያን ይሁን እስላም፣ ደገኛ ይሁን ቆለኛ ወይም ከጋላባት ማዶ የመጣ፣ ወንድማችን ነው።

ከመካከላችን ነገ ሐኪምና መምህር ሆነው ባሕር የሚሻገሩ ይኖራሉ። መንገዳቸውን ያቅናላቸው። ነገር ግን የሚጀምሩት ዛሬ፣ በዚሁ ዴስክ፣ አጠገባቸው የተቀመጠውን ልጅ «ምን ሆንክ?» ብለው በመጠየቅ ይሁን።

እግዚአብሔር ለትምህርት ቤታችን ረጅም ዕድሜን፣ ለአገራችን ሰላምን ይስጥልን።