ስለ ቀደሙ ሕንፃዎች አጠባበቅ የተነገረ ቃል



ኢዮቤልዩ የሚባለው በኦሪት ዘሌዋውያን በ25ኛው ምዕራፍ እንደ ተጻፈው የአምሳኛው ዓመት ስም ነው። በዚያ ዓመት በችግር የተሸጠ ርስት ወደ ባለቤቱ ይመለስ ነበር። እንግዲህ ኢዮቤልዩ የደስታ ቀን ብቻ አይደለም፤ ሰው ርስቱን የሚቈጥርበት፥ ያለውንም ለልጁ የሚያስረክብበት ጊዜ ነው። የደብር ርስት ደግሞ መሬቱ ብቻ አይደለም፤ አባቶች በድንጋይና በጭቃ፥ በእንጨትና በቀለም ሠርተው ያቈዩት ሕንፃም ርስት ነው። ስለዚህ በእንዲህ ያለው በዓል ስለ ቀደሙ ሕንፃዎች አጠባበቅ መናገር የተገባ ነው። ለነገሩም መልካም ምሳሌ የምትሆን የጎንደር ከተማ ናት።

ዐፄ ፋሲለደስ ጎንደርን መናገሻ ያደረጓት በ1628 ዓ.ም. ነው። ባራት ማዕዘን ክብ ግንብ የቆመለት ቤተ መንግሥታቸው እስከ ዛሬ ይታያል። ከርሳቸው በኋላ ልጃቸው ዐፄ ዮሐንስ፥ የልጅ ልጃቸው ዐፄ ኢያሱ፥ ቀጥሎም ዐፄ ዳዊትና ዐፄ በካፋ፥ እቴጌ ምንትዋብም ከልጃቸው ከዳግማዊ ኢያሱ ጋራ፥ እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ሥራ ጨመሩ። በዚህ ሁሉ የፋሲል ግንብ ሳይፈርስ፥ የተከታዮቹ ሥራ ባጠገቡ ቆመ። ግቢውን የሚዞረው ቅጥር ርዝመቱ 900 ሜትር ነው፤ በ1972 ዓ.ም. ዩኔስኮ ከዓለም ቅርሶች መዝገብ ጻፈው።

ከተማይቱ ግን ግንብ ብቻ አልነበረችም። ጠባይዋ በሠፈሮችዋ ይታወቅ ነበር፤ እጨጌ ቤት፥ አቡን ቤት፥ ቀኜ ቤት፥ እስላም ቤት የሚባሉት የየራሳቸው ሥርዓት ነበራቸው። ነገሥታቱ ሲያሠሩ በግንበኝነትና በአናጢነት ካገለገሉት መካከል ቤተ እስራኤል ነበሩበት። የበአታም ጉባኤ ቤት የአቋቋም ምስክር ሆኖ ከየአገሩ ደቀ መዝሙር ይሰበሰብበት ነበር። ስለዚህ ስለ አንዲት ከተማ ጥበቃ የሚያስብ ሰው ድንጋዩን ከሰዎቹ፥ ግድግዳውን ከትምህርቱ ለይቶ ማየት አይገባውም።

በዚህች ከተማ ብዙ መከራ ደርሶባታል። በ1859 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ ዘረፏት፤ አብያተ ክርስቲያኖችዋም ተቃጠሉ፤ መጻሕፍቱም ወደ መቅደላ ተወሰዱ። በ1880 ዓ.ም. ደርቡሾች መጥተው የተረፈውን አቃጠሉ። በዚያን ጊዜ የደብረ ብርሃን ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን ሳትቃጠል ቀረች፤ የአገሩ ሰው ንብ ወጥቶ ጠላቱን አባረረው ብሎ እስከ ዛሬ ይተርካል። ጣሪያዋን የሞሉት የመላእክት ፊቶች የተረፉትም ከዚያ እሳት ነው። ደግሞ ኢጣሊያኖች በ1934 ዓ.ም. በኅዳር ወር በጎንደር እስኪሸነፉ ድረስ በተደረገው ጦርነት የአየር ቦምብ በነገሥታቱ ግንብ ላይ ጕዳት አደረሰ።

ነገር ግን ሕንፃን የሚያፈርሰው የጠላት እሳት ብቻ አይደለም። ከእሳት ይልቅ ዝም ብሎ የሚሠራ ጠላት አለ፤ እርሱም ውሃ ነው። አሸንዳው ሲደፈን፥ ክዳኑ ሲቀደድ፥ ከግንቡ ስንጥቅ የበቀለ ቡቃያ ሳይነቀል ሲቀር፥ ዝናቡ ወደ ግድግዳው ልብ ይገባል። ቡቃያውም ዛፍ ይሆናል፤ ሥሩም ድንጋዩን ከድንጋዩ ይለያል። ያን ጊዜ በአንድ ቀን ይሠራ የነበረው ጥገና የብዙ ዓመት ሥራ ይሆናል።

ሌላውም ጠላት በመልካም ሐሳብ የሚደረግ ክፉ ጥገና ነው። ይህም በጎንደር ታይቷል። በኢጣሊያ ወረራ ዘመን ግንቦቹ ሲጠገኑ ሲሚንቶና ብረት ያለበት ኮንክሪት ገብቶባቸው ነበር። የቀድሞዎቹ ግንበኞች ግን ድንጋዩን ያያያዙት በኖራ ነው። ኖራ የሚገኘው የኖራ ድንጋይ በብርቱ እሳት ተቃጥሎ፥ ውሃ ጠጥቶ ሲፈርስ ነው፤ ከአሸዋ ጋራ ተለውሶ ከተለሰነ በኋላ ከነፋሱ እየሳበ ቀስ በቀስ ይጠነክራል። ለስላሳ ስለ ሆነ ድንጋዩ ሲንቀሳቀስ አብሮት ይንቀሳቀሳል፤ የገባውንም እርጥበት መልሶ ያወጣዋል። ሲሚንቶ ግን ከአሮጌው ድንጋይ ይልቅ ደረቅ ነው፤ እርጥበቱን ውስጥ ዘግቶ ያስቀረዋል፤ እርጥበቱም ከጨው ጋራ ሆኖ ድንጋዩን ይልጠዋል። ስለዚህ ከ1960ዎቹ ዓመታት ወዲህ በተደረገው ጥገና ከሲሚንቶው ብዙው እየተፈለፈለ ወጥቶ በቦታው ኖራ ተመለሰ። አንዱ ትውልድ የሠራውን ሌላው ትውልድ ለመንቀል ደከመ ማለት ነው።

ሕንፃን ከሁሉ ይልቅ የሚያኖረው ግን ሥራ ላይ መዋሉ ነው። በጎንደር የፋሲል መዋኛ የሚባለው ቦታ በየዓመቱ ለጥምቀት ከቀሐ ወንዝ ውሃ ይሞላል፤ ታቦታቱም ወርደው ያድሩበታል። ሕዝቡ ስለሚፈልገው ቦታው ይጠረጋል፥ ይጠበቃል። ሰው የማይጸልይበትና የማይሰበሰብበት ሕንፃ ግን ዘበኛ ቢቆምለትም ቶሎ ያረጃል። በደቡብ ጎንደርም ከ2000 ዓ.ም. ወዲህ ካህናትና ምእመናን የቤተ ክርስቲያናቸውን ደን ከከብት ለመጠበቅ በድንጋይ ካብ ማጠር ጀምረዋል። ድንጋዩን የለቀሙት ከእርሻቸው ነው፤ ስለዚህ ደኑም ተጠበቀ፥ እርሻውም ጠራ። ለዚህ ሥራ ታላቅ ሀብት አላስፈለገም፤ ያስፈለገው ምክርና ኅብረት ነው።

አሁን የሚከተለው ነገር ልብን የሚከፍል ነው። በብዙ ደብር ምእመናን በዝተዋል፤ አሮጌው ቤተ ክርስቲያን ጠቧል፤ ሕዝቡም በዝናብና በፀሐይ በውጭ ቆሞ ያስቀድሳል። ስለዚህ አሮጌው ፈርሶ ሰፊና አዲስ ይሠራ የሚል ሐሳብ ይነሣል። ይህን የሚሉ ሰዎች ቤተ ክርስቲያንን ስለሚወዱ ነው እንጂ ስለሚጠሉ አይደለም፤ ሊነቀፉም አይገባም። ነገር ግን የሰፊው አስፈላጊነት የአሮጌውን መፍረስ የግድ አያደርገውም። ለዚህም ምስክር የምትሆን አክሱም ናት። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሰፊውን የጽዮን ማርያም ቤተ ክርስቲያን አሠርተው በ1957 ዓ.ም. ሲያስመርቁ፥ በዐፄ ፋሲለደስ ዘመን የታነጸው አሮጌው ቤተ ክርስቲያን ባጠገቡ እንዳለ ቆየ። ልጅ አባቱን ከቤት ሳያስወጣ ለራሱ ቤት እንደሚሠራ ማለት ነው። ገንዘብ ያለው ሁሉ አዲስ ሕንፃ ሊሠራ ይችላል፤ የፈረሰውን የአባቶች እጅ ሥራ ግን የሚመልስ ገንዘብ የለም።

ስለዚህ የአንድ ደብር ሰበካ ጉባኤ ሊያደርገው የሚቻለው ብዙ ነው። አንደኛ፥ ከክረምት አስቀድሞ ክዳኑንና አሸንዳውን መመርመር፥ በግንቡ ላይ የበቀለውንም ሳይጠነክር መንቀል ነው። ሁለተኛ፥ የሕንፃውን ልክ፥ የሥዕሉንና የመጻሕፍቱን ዝርዝር በመዝገብ መጻፍና ፎቶግራፍ ማንሣት ነው፤ ያልተጻፈ ነገር ቢጠፋ ጠያቂ የለውምና። ሦስተኛ፥ በጭስ የጠቈረ ጥንታዊ ሥዕል ቢኖር፥ ዐዋቂ ሳያየው በውሃ አለማጠብና በዘይት ቀለም ደግሞ አለመቀባት ነው፤ ቀለሙ ሲያብረቀርቅ የቀድሞው ሠዓሊ እጅ ይጠፋልና። አራተኛ፥ በ1992 ዓ.ም. ስለ ቅርስ ጥናትና አጠባበቅ የወጣው አዋጅ ቍጥር 209 የቅርስ ጥገና በመንግሥት ፈቃድ እንዲሠራ አዝዟልና፥ መዶሻ ከመነሣቱ አስቀድሞ የሚመለከተውን መሥሪያ ቤት መጠየቅ ነው። አምስተኛም፥ ኖራ ማቃጠልንና ድንጋይ መጥረብን፥ ክዳን መክደንንም የሚያውቁ ሽማግሌዎች ሳያልፉ የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች ከነርሱ እንዲማሩ ማድረግ ነው። ሙያው ከሞተ ሕንፃው ወራሽ የለውምና።

ይህን ሁሉ ለማድረግ አንድ ሰው አይበቃም፤ ነገር ግን ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚለውን ተረት የማያውቅ ሰው በዚህ ጉባኤ የለም። ዛሬ በዓሉን የሚያከብሩ ሁሉ አባቶቻቸው ባቆሙት ጥላ ሥር ተቀምጠዋል። የሚመጣው ትውልድም የሚቀጥለውን ኢዮቤልዩ ሲያከብር የሚቀመጥበትን ጥላ የሚጠይቀው ከነርሱ ነው። ያን ጊዜ የተቀበሉትን ጠብቀው አስረከቡን እንዲባል፥ የአባቶች አምላክ ልብንና ኅብረትን ይስጥ፤ ይህንም ደብር ከነሕዝቡ ይጠብቅ። አሜን።